ጣቷ ላይ ያለችው አረንጓዴ መብራት

ሌላ ሰው ቤት ልጅ ሲንጫጫ ጎረቤቱ ይማረራል። እኔ ቤት ግን ጫጫታ ሰላም ነው። የልጅ ልጄ ስትሰድበኝ፣ ስትስቅብኝ፣ የቀሩኝን ጥርሶች ስትቆጥርብኝ አልሀምዱሊላህ እላለሁ። አንቱ በይኝ ብላት "ጥርስ ስታበቅይ" ያለችኝ ልጅ ናት። ዝም ስትል ነው የምፈራት።

ፊደል አልቆጠርኩም። እኔ ሳወራ ልጄ ናት የምትጽፈው፤ የምታፍርበትን ዘልላ እንዳታልፍ ወላሂ አስብዬያታለሁ። ልጄ ኮምቦልቻ ፋብሪካ ውስጥ በሽፍት ትሠራለች። ልጅቷን ደሴ ወስጄ የማሳድጋት እኔ ነኝ። ሐኪሟም ደሴ ነው፤ ደግሞ ሽፍት የምትገባ እናት ይቺን ልጅ ብቻዋን ጥላ መውጣት አትችልም።

በሽታዋን ሐኪሙ እንዲህ ነው ያስረዳኝ። የሰው ጉበት ስኳር ያስቀምጣል። ሰውየው ሳይበላ ሲቆይ ጉበቱ ካስቀመጠው ላይ ቆንጠር እያደረገ ይሰጠዋል። የሷ ጉበት ማስቀመጡን ያውቅበታል፤ መስጠት ግን አልተፈጠረበትም።

"እንግዲያስ ከአማቴ ነው የወረሰችው" አልኩት።

ሳቀ። ከዚያ ሳቁን ዋጥ አደረገና "እማማ፣ ይሄ በአገራችን በጣም ጥቂት ሰው ላይ ነው የሚገኘው፤ ስለዚህ ሌላ ቦታ ቢሄዱ ሐኪሙም ላያውቀው ይችላል። በሰዓቷ ካልበላች ስኳሯ ይወርዳል። ሲወርድ ትዝላለች። ካልደረሳችሁላት እንደተኛች ትቀራለች" አለኝ።

ተኝቶ መቅረትን እናውቀዋለን። ከሷ በፊት ወንድሟን ቀብረናል። አንድ ጠዋት ልቀሰቅሰው ገብቼ እጄን ግንባሩ ላይ ሳሳርፍ እንደ ድንጋይ ቀዝቅዞ ነበር። ሰዉ ዓይን ነው አለ፣ ጂን ነው አለ፤ እኛም ሌላ የምንለው አልነበረንምና አሚን አልን። ሐኪሙ ስለሱ ሲጠይቀን ግን፣ ስለ ትልቁ ሆዱ፣ ስለ ወፍራም ጉንጩ፣ ጠዋት ጠዋት ስለሚያጠምቀው ላብ፣ የምንመልስለትን አስቀድሞ የሚያውቅ ይመስል ነበር። ልጄ ያን ጊዜ ወንበሩን በሁለት እጇ ይዛ ነበር። እኔ የሷን ልጅ ነበር የማየው፤ ጉንጯ የወንድሟ ጉንጭ ነው።

መድኃኒቷ መድኃኒት አይመስልም። ኮርን ስታርች የሚሉት ነጭ የበቆሎ ዱቄት ነው፣ ኬክ ቤቶች የሚጠቀሙበት። ጥሬውን በቀዝቃዛ ውሃ በጥብጠን ሰዓቷን እየጠበቅን እናጠጣታለን። ዋናው ነገር ጥሬነቱ ነው። ጥሬው ሆድ ውስጥ ቀስ እያለ ስኳር ስለሚሆን ለረጅም ሰዓት ይይዛታል። ከበሰለ ቶሎ ያልቅና ባዶዋን ያስቀራታል።

ስኳሯን ለማወቅ ጣቷን በመርፌ እንወጋ ነበር። የጣቷ ጫፍ ወንፊት ሆኖ ነበር። በመርፌው መሳሪያ ላይ የሚወጣውን ቁጥር የምታነብልኝም ራሷ ናት፤ እኔ ከየት አውቄው። ስለዚህ እኔ ለራሴ ያለ መርፌ የምለካበት ዘዴ ነበረኝ። በነገር እነካካታለሁ። ስነካካት አፏ እንደ ምላጭ ከተመለሰልኝ ስኳሯ ደህና ነው። ምላሹ ከዘገየ መርፌውን አመጣለሁ። ሐኪሙ ይሄን ስነግረው አልናቀብኝም፤ "ይቀጥሉበት፣ መርፌውንም አይተዉ" ነው ያለኝ።

ከዚያ አንድ ቀን ሐኪሙ ያቺን መሳሪያ ይዞ መጣ። የልብስ መቆንጠጫ ታክላለች፤ ጣት ላይ ነው የምትቆነጠጠው። አትወጋም፣ አታደማም። መብራት አላት፤ መብራቱ በጥፍሯ በኩል ገብቶ ደሟን ያያል አለን። ለሙከራ የመጣች ናት፤ እንዲህ ያለ በሽታ ላለባቸው ጥቂት ልጆች ነው የተሰጠችው። ማንበብ እንደማልችል ስለሚያውቅ በቀለም አደረገልኝ። አረንጓዴ ከሆነች ደህና ናት፣ ቢጫ ከሆነች አብሏት፣ ቀይ ከሆነች ሩጡ።

"ይቺማ ቃሪያ ናት" አለች የልጅ ልጄ። ከዚያ ወዲያ ስሟ ቃሪያ ሆነ።

ሐኪሙ ግን አልሳቀም። "እማማ፣ ይቺ መሳሪያ ገና እየተማረች ነው። ከተጠራጠሩ መርፌው አለ። የመርፌው መሳሪያ ደግሞ በቁጥር ፋንታ ፊደል ካወጣ፣ ስኳሯ መሳሪያው ሊቆጥረው ከሚችለው በታች ወርዷል ማለት ነው። ያኔ አይጠብቁ።"

"ለኔ ቁጥሩም ፊደሉም አንድ ነው" አልኩት።

"ያነበበልዎት ሰው ይነግርዎታል" አለኝ።

ደህና ሰነበትን። እውነቱን ልናገር፣ ደስ ብሎን ነበር። የጣቷ ጫፍ ዳነ። ጦሳ ተራራ ላይ የተኛው ጭጋግ ወርዶ ሰፈሩን በሚሸፍንበት ጠዋት እንኳ፣ አልጋዋ ላይ ሆና ያቺ አረንጓዴ ነጥብ በብርድ ልብሱ ሥር ስታበራ ከበሩ ላይ አያት ነበር። ወንድሟም እንዲህ ያለች መብራት ኖራው ቢሆን እያልኩ እመለሳለሁ።

ከኮምቦልቻ በታች፣ ቆላው ሐርቡ ላይ፣ ሠርግ የመጣው ያኔ ነው። ሙሽራዋ የወንድሜ ልጅ ናት። ከደሴ ኮምቦልቻ ወረድን፤ ልጄ ከፋብሪካው በሥራ ጋዋኗ ሮጣ መናኸሪያ ድረስ መጣች። ዱቄቱን በፌስታል አስራ አመጣችልኝ።

"ጥሬውን እማዬ። በቀዝቃዛ ውሃ።"

"አንቺን ያሳደግኩሽ እኔ ነኝ እኮ" አልኳት።

"ለዚህ ነው የምደግመው" አለችኝ። ከሽፍት ስትወጣ ሐርቡ እንደምትደርስብን ነግራን፣ የልጇን ጣት አይታ፣ አረንጓዴ መሆኗን አይታ ተመለሰች።

ሐርቡ ሙቀቱ ከበር ነው የሚቀበልህ። ዳሱ ተጥሏል፣ ሴቱ ተሰብስቧል። ሙሽራው ከሩቅ፣ ከቢስቲማ ነበር የሚመጣው፤ ገና መንገድ አልጀመሩም ይባላል። ሙሽራዋ እጅና እግሯ ሂና ተቀብቶ ጓዳ ተቀምጣለች፤ የተረፈውን ሂና ሴቶቹ ለልጃገረዶቹ እየቀቡ ነው። የወንድሜ ሚስት፣ ልቧ ሰፊ፣ እጇ ሥራ የማይፈታ ሴት ናት፤ የልጅ ልጄን ስታይ እጇን ያዘች።

"ይቺ ልጅ ሂና ሳትቀባ ሠርጋችን ላይ ልትቆም? ሰው ምን ይለናል፣ እትዬ? ይሄን የጣቷን ነገር አውልቁላት።"

ስትታጠብም ታወልቀዋለች፤ አወለቅንላት። ሂናውን መዳፏ ላይ ሞሉት፣ ጥፍሮቿን አንድ በአንድ ሸፈኑት፣ ከዚያ ሁለቱንም እጆቿን በፌስታል ጠቅልለው አሰሯቸው። ቡጢኛ መሰለች።

"አሁን አፍንጫሽን ማን ይጠርግልሻል?" አልኳት።

"አንቺ ነሻ። ሌላ ምን ሥራ አለሽ?" አለችኝ።

ሴቶቹ ሳቁ። እኔም ልቤ ሞላ። የዱቄቷ ሰዓት ሲደርስ ልነሳ ስል የወንድሜ ሚስት ትከሻዬን ጫን አደረገችኝ። "እርስዎ እንግዳ አይደሉም እንዴ? ይቀመጡ። እጇ የታሰረ ልጅ እኔ አጠጣታለሁ።" ፌስታሉን ሰጠኋት፣ በቀዝቃዛ ውሃ አልኳት። "እሺ እሺ" አለች፣ እየሄደች። ትንሽ ቆይታ ልጅቷ ከንፈሯ ላይ ነጭ ነገር ይዛ ተመለሰች፤ ጠጥታለች ማለት ነው አልኩ። ከንፈሯን በነጠላዬ ጠረግኩላት።

ከዙሁር ሶላት በኋላ ሂናውን አጠቡላት። ጥሩ ያዘ፤ ጥፍሮቿ የዛገ ብረት ሆኑ። ቃሪያዋን መልሰን ቆነጠጥናት። ሌላ ጊዜ መጀመሪያ ስትደረግ ብልጭ ድርግም ትላለች፣ የምታየውን እንደምታጠና። ያን ቀን ግን ወዲያው አረንጓዴ በራችና ቆመች። ሙቀቱ ተስማምቷት ይሆናል አልኩ።

ሙሽራው ዘገየ። በሙቀት የታፈነው ዳስ ውስጥ ሰዉ ማላቡን ጀመረ፣ ዘፋኙም ሰለቸ። የልጅ ልጄ ሙሽራዋ የምትወጣበት በር ፊት ለፊት፣ የዳሱን ምሰሶ ተደግፋ ተቀምጣለች። አለፍ አልኩና ነካካኋት።

"አንቺ ጉንጮ፣ ሙሽራው ከቀረ ያንን ጉንጭሽን ጠብሰን ለእንግዳው እናቀርበዋለን።"

"መጀመሪያ ማኘኪያ ጥርስ ፈልጊ" አለችኝ።

አሳቀችኝ። ደህና ናት ብዬ ሄድኩ፣ ውሃ ጠጣሁ፣ ከሴቶቹ ጋር አወራሁ። ስመለስ እንደዚያው ተቀምጣለች። ዓይኗ በሩ ላይ ነው። እጇ ጭኗ ላይ ተዘርግቷል፣ ጣቷ ላይ አረንጓዴዋ ትበራለች። ደግሜ ነካካኋት፤

"ጫማሽን ግራና ቀኝ አቀያይረሽ ነው መሰል ያደረግሽው፤ ስትሄጂ እንደ ሰከረች ዶሮ ነው" አልኳት።

"መጀመሪያ ማኘኪያ ጥርስ ፈልጊ" አለችኝ።

ይሄ የዚያኛው መልስ ነው። ጫማና ጥርስ ምን ያገናኛቸዋል? ጎንበስ ብዬ አየኋት። ከንፈሯ በላይ ላብ ጤዛ ሠርቷል። ሰዉ ሁሉ ያልባል እኮ፣ እኔም አልቦኛል። አንገቷን ስነካው ግን ላቡ ቀዝቃዛ ነው፤ በዚያ ሙቀት ቀዝቃዛ። እጄ ያን ቅዝቃዜ ያውቀዋል።

"ይቺ ልጅ ደህና አይደለችም" አልኩ።

የወንድሜ ሚስት መጥታ ጣቷን አነሳችው። "አረንጓዴ ነው እኮ እትዬ። ደህና ናት ማለት አይደል? ሙቀቱ ነው ያደከማት፤ ትንሽ ጋደም ትበል።"

"አይሆንም፣ እንዳትተኛ።"

ሴቶቹ ተያዩ። የሠርግ ቀን አሮጊት ስታሟርት ማን ይወዳል። እኔ ራሴ ያቺን አረንጓዴ አይና ልቤ ሊመለስ ይላል። ቀና ብዬ የልጅቷን ዓይን ሳይ ደግሞ ዓይኗ እኔን አያይም፣ በእኔ በኩል አልፎ በሩን ነው የሚያየው። ያየኋቸውን ሁለት ነገሮች ሁለቱንም ማመን አልቻልኩም። መርፌውን ከቦርሳዬ አወጣሁ። ሂና የያዘው ጣቷ ሲወጋ አልሸሸችም፤ ሁልጊዜ ቢያንስ እኔን ትሰድባለች። መሳሪያው ጮኸ። ለኔ ምኑም ምኑም ነው። ከሚዜዎቹ አንዷን፣ ትምህርት ቤት የዋለች ልጅ፣ "አንብቢልኝ" አልኳት።

አገላብጣ አየችው። "ቁጥር የለውም እማማ። ፊደል ነው ያለው። ተበላሽቷል መሰለኝ።"

የሐኪሙ ድምፅ ጆሮዬ ውስጥ መጣ፦ ያኔ አይጠብቁ።

ሐኪሙ ለክፉ ቀን የሰጠኝን ግሉኮስ ከቦርሳው አውጥቼ በጣቴ እያጠቀስኩ በጉንጯ ውስጥ አሸሁላት። እንዳያንቃት በጎኗ አስተኝቼ፣ ትንሽ ትንሽ። ግማሹ መልሶ በከንፈሯ ይወጣል። መኪና አልኩ። መኪና የለም፤ ያለው ሪባን የተጠመጠመበት፣ አበባ የተለጠፈበት የሙሽራዋ መኪና ብቻ ነው። ሰዉ ሲያመነታ ሙሽራዋ ራሷ ከጓዳ ወጣች፣ ፊቷ እንደተሸፈነ። "ውሰዷት" አለች። የልጅ ልጄ የጠበቀችው በር ተከፍቶ ሙሽራዋ ወጣች፣ እሷ ግን አላየቻትም።

የዚያን ቀን መንገድ አልረሳውም። ሹፌሩ መብራት አብርቶ ጥሩምባ እየነፋ ነው የሚነዳው፤ ሰው እንዲለቅለት። ሰዉ ግን ሙሽራ ነው ብሎ ያየናል። በየመንደሩ ሴቶቹ ከደጃቸው እየወጡ እልል ይላሉ። ልጆች ከኋላ ይሮጣሉ፣ ያጨበጭባሉ። እኔ ከኋላ ወንበር ላይ ጭንቅላቷን ታቅፌ፣ አንገቷ እንደ ጨርቅ ሆኖ፣ ከውጪ እልልታ፣ ከውስጥ ያ ረቢ የሚለው የኔ ድምፅ ብቻ። እጇ ከወንበሩ ወደ ታች ተንጠልጥሏል። ጣቷ ላይ አረንጓዴዋ ትበራለች። አንዴም ቢጫ አላለችም። ሹፌሩ በመስታወቱ አይቶ "መብራቷ ደህና ናት አይደል?" አለኝ። ዝም በል አልኩት።

ኮምቦልቻ ሆስፒታል ገባን። በሩጫ ተቀበሉን። ክንዷ ላይ ደም ስር ፈልገው ግሉኮሱን ተከሉላት። ነርሷ ያቺን ነገር ከጣቷ አውልቃ መስኮቱ ጋ አስቀመጠቻት። እኔ ግድግዳው ሥር መሬቱ ላይ ተቀመጥኩ። ከብዙ ጊዜ በኋላ ልጅቷ ከንፈሯን አላወሰች፤ ቀጥሎ ዓይኗን ገለጠች።

"ሙሽራዋ ወጣች?" አለችኝ።

"ወጥታለች" አልኳት።

ልጄን በስልክ ጠርተዋት መጣች። የሠርግ ልብሷን ለብሳለች። ልጇን ከእግር እስከ ራስ ዳሰሰቻት፣ ከዚያ አጠገቤ መሬት ላይ ተቀመጠች።

"እማዬ" አለችኝ በኋላ፣ "ከከተማው መውጫ ላይ የሐርቡን ታክሲ እየጠበቅኩ ነበር። ነጭ መኪና ነው አይደል? ሪባኑ ቀይ?"

"አዎ።"

"በአጠገቤ ነው ያለፈው። እልል አልኩ።"

ይሄን እንዳትዘልለው ነው ወላሂ ያስባልኳት። አልዘለለችውም።

በማግስቱ የወንድሜ ሚስት ፔርሙዝ ይዛ ሆስፒታል መጣች። ዓይኗ አብጧል። "ያንኑ ሠርቼላት መጣሁ" አለች፣ "ትላንት ወድዳ ነው የጠጣችው። በወተት አብስዬ፣ ስኳር ጨምሬ።"

ልጄና እኔ ተያየን።

"አበሰልሽው?" አልኳት።

"ታዲያስ? ለእንግዳ ልጅ ጥሬ ዱቄት በውሃ እሰጣለሁ? እትዬ፣ በቤቴ? በሠርጌ ቀን?"

የኔም እናት ብትሆን ታበስለው ነበር። በወሎ ማን ነው ለሰው ልጅ ጥሬ የሚያቀርብ። ስንነግራት ፔርሙዙን አቅፋ አለቀሰች፤ "አብሽሪ" አልኳት፣ ከእጇ ተቀብዬ ራሴ ጠጣሁት። ጥሩ አጥሚት ነበር።

ስኳሯ ቶሎ የወረደው በዚህ ነው። መብራቷ ለምን እንዳልነገረችን ግን ያወቅነው ደሴ ስንመለስ ነው። ሐኪሙ የልጅቷን እጅ አገላብጦ አየ። መርፌውን አደረገ፤ ቃሪያዋንም ቆነጠጣት። መርፌው ሌላ አለ፣ እሷ እንደዚያው ወዲያው አረንጓዴ።

"ጥፍሯን ሂናው ጋርዶታል" አለ። "መብራቱ የሚያየው ደሟን ሳይሆን ቀለሙን ነው። መሳሪያውን በሠሩበት አገር ሂና የተቀባ ጣት አልቀረበለትም ይሆናል።" ከዚያ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ "እኔም እንደዚህ አላሰብኩትም። እናቴ በየዒዱ ነው የምትቀባው" አለ። ለሌሎቹ ቤተሰቦችም የዚያኑ ቀን ደወለላቸው፤ እኛ ተቀምጠን እያየነው ነው የደወለው። የአንዷን እናት ድምፅ በስልኩ ሰማሁ። "የኔዋስ ትላንት ተቀብታለች" ትለው ነበር። ሐኪሙ ከወንበሩ ተነሳ።

ጥፍሯ አድጎ ቀለሙ እስኪያልቅ በመርፌ ነን። የጣቷ ጫፍ ተመልሶ ወንፊት ሆኗል። እኔን ግን እንቅልፍ የነሳኝ ይሄ አይደለም።

አንድ ቀን ከሰዓት ራሷን እየሠራሁላት፣ ጠጉሯን በጉልበቶቼ መሃል ይዤ፣ ቀለል አድርጌ ጠየቅኳት። ያን ቀን ጥርስ ፈልጊ ያልሽኝ ለምን ሁለቴ አልሽኝ አልኳት።

"አውቄ ነዋ" አለች።

"እንዴት አውቀሽ?"

"ጆሮዬ ውስጥ ይጮህ ነበር። እጄም ይንቀጠቀጥ ነበር፣ ለዚህ ነው ጭኔ ላይ ያስቀመጥኩት። ብነግርሽ ሙሽራዋ ሳትወጣ ትወስጂኛለሽ። አንቺ ደግሞ መልስ ካልመለስኩልሽ ነው የምትጠረጥሪው። የጥርሱን ሁሌ ትስቂበታለሽ፣ እሱን አስቀምጬልሽ ነበር።"

ማበጠሪያውን አስቀመጥኩት። እኔ የምለካበትን ነገር እሷ ታውቀዋለች። መሳሪያዋን ሂና አሳወራት፤ እኔን ያሳወረችኝ እሷ ናት። ወንድሟ ይሄን ሁሉ አያውቅም ነበር፤ ዝም ብሎ ነው የተኛው።

አልተቆጣሁም። ብቆጣ በሚቀጥለው ይበልጥ ትደብቀኛለች። "እንስማማ" አልኳት። "ሌላ ሠርግ ሲኖር ከዚያ አስነስቼ አልወስድሽም። ከሙሽራዋ ፊት ለፊት ቁጭ ብለን፣ እዚያው እወጋሻለሁ፣ እዚያው አጠጣሻለሁ፣ ሰው የፈለገውን ይበል። ሙሽራዋን ሳታዪ ከበሩ አትነቀነቂም። አንቺ ደግሞ ጆሮሽ ውስጥ ሲጮህ ትነግሪኛለሽ። እሺ?"

ጠጉሯን ይዤ እየጠበቅኩ ነው። ፊቷ ወደ በሩ ስለሆነ አይታየኝም። ከውጪ የጎረቤት ልጆች ኳስ ሲያነጥሩ ይሰማል። አንዴ ትከሻዋን ወደ ላይ አነሳችና መለሰችው።

"እሺ" አለች።

እሺ ማለቷን ሰምቻለሁ። እሺ ለማለት የፈጀባት ጊዜ ግን እስካሁን ከሆዴ አልወጣም።